ከዛፏ ሥር የሚመልስ ሰው

ግጥሙን በወጣት ማዕከሉ ግድግዳ ላይ በሰማያዊ ቀለም የጻፈው መምህር ሰብሃት ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ቦንጋ ተመድቦ በመጣበት ዓመት። አሁን በከተማው የማያውቀው የለም። ፑል የሚጫወቱት ልጆች ሳይቀሩ ኳሷ ስትስትባቸው ይደግሙታል። እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። በቃል መያዝ ግን ሙያ አይደለም፤ በቀቀንም ይይዛል።

ራስህን እመን፣ ከራስህ በቀር ዋስ የለህም፤
በሌላ ሰው ክንድ ተማምነህ፣ ከዳገቱ ጫፍ አትደርስም።

ሕልምህን ከፍ አድርገህ ስቀል፣ ዓይንህ ከእሱ አይነቀል፤
ወደ ታች ያየ ይወድቃል፣ ወደ ላይ ያየ ይዘልቃል።

ግዴታህ እንደ ጥላህ ነው፣ ብትሮጥም አትቀድመው፤
ጀምበር ብትጠልቅ እንኳ፣ ከእግርህ ሥር ነው የምታገኘው።

በዚህ ግጥም ላይ የትርጓሜ ውድድር ተዘጋጀ። ማስታወቂያውን የተየብኩት እኔ ነኝ፤ የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ እናቴ ስትሞት ትምህርቴን ተውኩ። ንባቤን ግን አልተውኩም፤ ሰው እንድተይብለት የሚያመጣውን ሁሉ አነባለሁ፦ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የጤና በራሪ ወረቀት፣ የሠርግ ጥሪ። ባለ ዲግሪዎች ያጣመሙትን ዓረፍተ ነገር ዝም ብዬ አቃንቼ የሰጠሁበት ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ መምህር ሰብሃት ማስታወቂያውን ሊወስድ መጥቶ፣ «ምሥራቅ፣ አንቺም ልትወዳደሪ ነው እንዴ?» ብሎ ሲስቅ አልቻልኩም።

«ለምን አልወዳደርም?»

«አይ፣ ሌሎቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው ብዬ ነው።»

«ይሁኑዋ! ግጥምህን ካንተ በተሻለ አውቀዋለሁ። መጨረሻው ላይ ተሳስተሃል።»

ሳቁ ቆመ። «የቱ ጋ?»

«ግዴታ ጥላ ነው ትላለህ፤ ጀምበር ጠልቃም ከእግርህ ሥር ነው ትላለህ። ጀምበር ከጠለቀች ምን ጥላ አለ? እሑድ መድረክ ላይ እነግርሃለሁ። እስከዚያ እንቅልፍህን ተኛ፣ ከቻልክ።»

ቅዳሜ ግን ከቦንጋ ወጣ ወዳለችው ማንኪራ መሄድ ነበረብኝ። ማንኪራ የሚኖሩት ጋሽ ወልደሥላሴ የእናቴ ወንድም ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የጫካ ቡና አላቸው፣ ንብም አላቸው። ቀፎዎቻቸው ታዲያ ጓሮ ውስጥ አይደሉም፤ አንገት እስኪያም ቀና ብለው በሚያዩት ዛፍ ላይ ነው የተሰቀሉት። ይወጣላቸው የነበረው ልጃቸው ፈለቀ ጅማ ሄዶ ባጃጅ ይነዳል። ጋሼ ራሳቸው ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ስኳርም ይዟቸው ጠዋትና ማታ መርፌ ይወጋሉ። «የዘንድሮው ማር ከነቀፎው መቅረቱ ነው» ሲሉኝ በስልክ፣ «እኔ እወጣለሁ» አልኳቸው።

«ሴት ልጅ ዛፍ ላይ? ሰው ምን ይላል?»

«ዛፏ ካልጠየቀችኝ ሰው ምን አገባው?»

ሳቁ። ልጅ ሆኜ ግን የወጣሁት የጥላ ዛፍ እንጂ የማር ዛፍ አይደለም።

ማር ሊቆርጥ የሚወጣ ሰው ብቻውን አይወጣም፤ ከሥር ያዥ አለው። ገመዱ ከወገብህ ተነሥቶ በጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ ዞሮ ወደ ታች ይመለሳል፤ ያዡ ጫፉን በአጠገቡ ባለ ግንድ ላይ ጠምጥሞ፣ ስትወጣ እያጠበቀ፣ ስትወርድ እያላላ ይቆማል። ቅጠሉ ስለሚጋርድ አትተያዩም። በጋሼ ቤት ልማድ፣ የወጣው ይጣራል፤ ያዡ «አለሁ!» ይላል። ሌላም ልማድ አላቸው። የወጣው ሰው እግሩ መሬት እስኪረግጥ ያዡ ከጠዋት ጀምሮ እህል አይቀምስም። መጀመሪያ የተቆረጠው የማር እንጀራ ደግሞ የሰው አይደለም፤ በቅጠል ተደርጎ ከዛፏ ሥር ይቀመጣል። የዛፏ ድርሻ ይሉታል። ጋሼ ቤተ ክርስቲያን አይቀሩም፤ ስለ ዛፏ ድርሻ ግን ቄሱም አይጠይቋቸው፣ እሳቸውም አይነግሯቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ያዘን። ግንዱ እስኪደርቅ ስንጠብቅ ቀኑ አለፈ። ጫካው ውስጥ ገብተን ገመዱን ወገቤ ላይ ሲያስሩልኝ ግንባራቸው በላብ ርሶ አየሁ።

«ጋሼ፣ ምሳ በልተዋል?»

«በልቻለሁ።»

«ምን?»

«ነርስ ሆነሽ መጣሽ ደግሞ! ውጪ፣ ሳይመሽብን።»

ወጣሁ። ግንዱን የተጠመጠመው ሐረግ እንደ መሰላል ነው፤ እርጥብ መሰላል። እስከ ቤት ጣሪያ ከፍታ ድረስ ራሴን አደነቅሁ። ከዚያ በላይ ማድነቅ አቆምኩ። ንፋስ ሲመጣ ያ ሁሉ ግንድ ያዘነብላል፤ መሬት ላይ ቆመህ ዛፍ እንደሚያዘነብል አታውቅም። ጣቶቼ ሐረጉን ጨብጠው አልላቀቅ አሉኝ፤ አንድ በአንድ እየለመንኩ አነሣኋቸው።

«ጋሼ!»

«አለሁ!»

ያቺን ቃል ስሰማ ሌላ አንድ እርምጃ እወጣለሁ። እንዲህ እንዲህ ብዬ ቀፎው ካለበት ቅርንጫፍ ደረስኩና እግሬን አንፈራጥጬ ተቀመጥኩ። የፈለቀን አሮጌ ቱታ ለብሻለሁ፤ ፊቴን በሻሽ ሸፍኛለሁ። ይዤው የወጣሁትን የሚጨስ ችቦ ወደ ቀፎው አፍ አስጠጋሁት። ንቦቹ እንደ ወፍጮ አጉረመረሙ። አንዷ አንገቴን፣ አንዷ የእጄን አንጓ ነደፈችኝ። መጮህ ፈለግሁ፤ ከጮህኩ የምወድቅ መሰለኝ።

ፍርሃቴን የማሸንፍበት አንድ መሣሪያ ብቻ ነው ያለኝ፤ አፌ።

«ጋሼ! የነገውን እዚሁ ልለማመደው፤ ይስሙኝ!»

«ንቦቹ ይስሙሽ፤ እኔ ገመድ ይዣለሁ!»

ማሩን እየቆረጥኩ ጀመርኩ። «ገጣሚው ‹ከራስህ በቀር ዋስ የለህም› ሲል፣ የሰው ልጅ የሌላውን እጅ መጠበቅ ሲተው ያን ጊዜ ይነሣል ማለቱ ነው!»

«ገመዱን ልልቀቀው እንዴ ታዲያ?»

«ኧረ ጋሼ! ምሳሌ ነው!»

«ምሳሌውን መሬት ስትረግጪ ትነግሪኛለሽ!»

ሳቅኩ፤ ፍርሃቱ ትንሽ ቀለለልኝ። የመጀመሪያውን የማር እንጀራ በባልዲ አድርጌ፣ በሌላ ቀጭን ገመድ ቁልቁል ላክሁት። ነጭ ነው፤ እንደ ቅቤ። ከታች ሲያወጡት ይሰማኛል፤ ቅጠል ሲበጥሱም ተሰማኝ። የዛፏን ድርሻ አስቀመጡ። ባዶውን ባልዲ ወደ ላይ ጎተትኩና ቅርንጫፉ ላይ አንጠለጠልኩት።

«ሁለተኛው አንጓ!» አልኩ። «‹ወደ ታች ያየ ይወድቃል!› ሕልም ያለው ሰው የተነሣበትን ዝቅታ እያየ አይኖርም። ዓይኑ ከፍታው ላይ ነው!» እውነቴን ነው፣ እኔም ወደ ታች አላየሁም። ድፍረት አልነበረም፤ ብመለከት ሐሞቴ እንደሚፈስ ስለማውቅ ነው። «ጋሼ!»

ትንሽ ቆዩ። «አለሁ... በዛወርቅ።»

በዛወርቅ የእናቴ ስም ነው።

ንግግሬ እናቴን አስታወሳቸው አልኩ። ኮራሁ። ስለዚህ ድምፄን ይበልጥ ከፍ አድርጌ ወደ መጨረሻው ገባሁ፤ መምህር ሰብሃትን እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ገትሬ ሞገትኩት። ጥላ ያለ ፀሐይ እንደማይኖር፣ ገጣሚ ዓይኑን ጨፍኖ መጻፍ እንደሌለበት፣ ግድግዳ የሞላ ቀለም እውቀት እንደማይሆን። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጡኝም። ዝምታቸው አድናቆት መሰለኝ። እኔ ነኝ እንግዲህ፣ የዓረፍተ ነገር ስህተት ከአንድ ገጽ ርቀት የሚታየኝ።

ጨርሼ ሳቃቸውን ጠበቅሁ።

«ጋሼ?»

ምንም የለም። ንቦቹ ብቻ።

«ጋሼ! አይቀልዱ! ጋሼ!»

ወገቤ ላይ ያለውን ገመድ ያዝኩና ጎተትኩት። ሲይዙት ይከብድ ነበር። አሁን መጣ። እየጎተትኩት ዝም ብሎ መጣ፤ ከግንዱ ላይ ተፈትቶ፣ ማንም እንደሌለበት ገመድ።

ያን ጊዜ ወደ ታች አየሁ።

በቅጠሎቹ መካከል አንድ ክፍተት አለ። በዚያች ክፍተት አንድ ቦቲ ጫማ ታየኝ፤ ጫማው ወደ ጎን ተኝቷል። እግርም አለበት።

ጮህኩ። የሰው ስም ሁሉ ጠራሁ። ከቦንጋ ያመጣኝን፣ መንገድ ዳር ሞተሩን አቁሞ የሚጠብቀኝን ባለ ሞተሩን ሰላሐዲንን ጠራሁ፤ ድምፄን ጫካው ዋጠው። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ሊመሽ ነው፤ ከሥር ያለው መሬት ሰማያዊ፣ ከዚያ ግራጫ እየሆነ ነበር። ብወድቅ የሚይዘኝ የለም። ባልወርድ ደግሞ... ያንን አላሰብኩትም፤ አእምሮዬ እዚያ ሲደርስ ይመለስ ነበር።

ከራስህ በቀር ዋስ የለህም። ይኸው እንግዲህ፣ የተመኘሁት ደረሰልኝ። ዋስም ያዥም የለኝም። ሰው ይህንን ከፍ ያለ ነገር አድርጎ ግድግዳ ላይ ሲጽፈው፣ እኔም ከፍ አድርጌ ስተረጉመው፣ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም አናውቅም ነበር። ማለቱ ይህ ነው፦ አፍህ ይደርቃል፣ ሽንትህ ያመልጥሃል፣ እናትህን ትጠራለህ።

ሆዴን ከግንዱ አጣብቄ መውረድ ጀመርኩ። የምወርድበትን ለማግኘት ወደ ታች ማየት አለብኝ። እግሬን ሰድጄ ሐረጉን እፈልጋለሁ፤ ሳገኘው እረግጠዋለሁ፤ ሲያንሸራትተኝ ጥፍሬን ቅርፊቱ ውስጥ እተክላለሁ። አንድ ቦታ ላይ የረገጥኩት ሐረግ ተበጥሶ በእጄ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ያኔ ያዳነኝ ሕልም አይደለም፣ በራስ መተማመንም አይደለም። ያ ቦቲ ጫማ ነው። ዓይኔን ከእሱ መንቀል አልቻልኩም። ቢንቀሳቀስ ብዬ አየዋለሁ፤ አይንቀሳቀስም፤ ሌላ እርምጃ እወርዳለሁ።

«መጣሁ ጋሼ! አለሁ! አለሁ!» እያልኩ ነበር። የያዡን ቃል አሁን የምለው የወጣሁት እኔ ነበርኩ።

መሬት ስረግጥ በእጄ ድኼ ደረስኩባቸው። በጀርባቸው ወድቀዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ሸሚዛቸው በላብ ተነክሯል፣ ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቶ እኔን አያይም። «ጋሼ» አልኳቸው፣ ቀስ ብዬ፣ እንደሚሰማ ሰው። ከዚያ ጉንጫቸውን መታሁ። ሞተዋል አልኩ። ጆሮዬን ደረታቸው ላይ አደረግሁ፤ የሚመታው የእሳቸው ልብ ይሁን የእኔ መለየት አቃተኝ። ትንፋሻቸው ጆሮዬን ነካ። አሉ።

ላብ፣ የንግግር መዛባት፣ ሰውን ከሰው አለመለየት፣ ራስን መሳት።

እነዚህን ቃላት ጽፌያቸዋለሁ። በዚሁ ቅደም ተከተል፣ በዚሁ ጣቶቼ፣ በራሪ ወረቀት ላይ። መርፌ ወግቶ ምግብ ያልበላ የስኳር ሕመምተኛ። እና ጋሼ አልበሉም። እኔ መሬት እስክረግጥ አይቀምሱም፤ ልማድ ነዋ! ጠዋት ተወግተው፣ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ጠብቀው፣ ገመድ ሲያጠብቁልኝ ቆይተው፣ እኔ ከላይ ስለ ግዴታ ስሰብክ እሳቸው ከሥር ግዴታቸውን እየሠሩ ወደቁ።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ በጎን አስተኙት፤ በአፉ የሚጠጣ አትስጡት፣ ሊያንቀው ይችላል፤ ስኳር ወይም ማር ድዱ ላይ ቀቡት።

ማር። የቆረጥኩት ሁሉ ከቀፎው አጠገብ ቀርቷል። እጄ ላይ የነበረው ከደምና ከቅርፊት ጋር ተቀላቅሏል። ዘወር ስል በቅጠል ላይ ተቀምጦ አየሁት። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ማንም ያልነካው።

የዛፏ ድርሻ።

በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም እላለሁ፤ ለሰውም እንዲሁ ነው የምናገረው። እጄን ስዘረጋ ግን ወደ ላይ አየሁ። ዛፏ ጨለማ ሆና ቆማለች፤ ንፋስም የለም። አለማመን ቀን ቀን ከተማ ውስጥ ቀላል ነው። «ይቅርታ» አልኳት፣ በድምፅ። ከዚያ ነጭ ማሩን በጣቴ ቆርሼ በጎናቸው ያስተኛኋቸውን ጋሼን ከንፈራቸውን ገለጥ አድርጌ ድዳቸው ላይ ቀባሁት። ጠበቅሁ። ደግሜ ቀባሁ። እየቀባሁ እጣራለሁ፤ መልስ የለም። ጠበቅሁ። ጫካ ውስጥ ብቻህን ሆነህ የማይመልስልህን ሰው ስትጠራ፣ ከጠራኸው ሰው ይልቅ ሌላ ነገር እንዳይመልስልህ ትፈራለህ።

ምላሳቸው ተንቀሳቀሰ።

«ጋሼ!»

«...ማነሽ?»

«ምሥራቅ ነኝ።»

«ወረድሽ?»

«ወረድኩ። እግሬ መሬት ላይ ነው። ይኸው፣ ይዩት፤ አሁን መብላት ይችላሉ!» ብዬ ጮህኩባቸው፤ እያለቀስኩ፣ እየተቆጣሁ። ምላሳቸውን አጣጣሙ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ቅጠሉ ሄደ፤ ፍርሃት ሲገባባቸው አየሁ።

«የዛፏን ነው ያበላሽኝ?»

«ዛፏ ስኳር የለባትም ጋሼ።»

«ቀልድ አይደለም፣ አንቺ!»

«እኔም አልቀለድኩም። ይዋጡ።»

መዋጥ እንደቻሉ ሳውቅ የቀረውን በትንሽ በትንሹ አጎረስኳቸው። ደግፌያቸው መንገድ ስንደርስ ሰላሐዲን ሞተሩን ጥሎ እየሮጠ መጣ። በእሱና በእኔ መካከል አስቀምጠን ወደ ቦንጋ ነዳን። ጭቃው ሲያንሸራትተን እሳቸው እንቅልፍ እየጣላቸው ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ይወድቃል። መንገዱን ሁሉ፣ «ጋሼ!» እላለሁ። «አለሁ» ይላሉ። ትንሽ ሲዘገዩ ነፍሴ ትወጣለች።

«ምን ታደርቂኛለሽ፣ አለሁ አልኩሽ እኮ!»

«‹አለሁ› ይበሉኝ፣ ዝም ብለው ይበሉኝ።»

ሆስፒታል አሳደሯቸው። እሑድ ጠዋት ከስኳር ሕመማቸውና ከተቆጧቸው ሐኪም ይልቅ ያሳሰባቸው ሌላ ነበር። «የዛፏ ዕዳ አለብን። ባልዲውም እዚያው ነው። ቅዳሜ ትወጫለሽ?» አሉኝ። እጄ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ጥፍሬ ተነቅሏል። እንቢ ልል አፌን ከፈትኩ። «በልተው ከያዙልኝ» አልኩ።

«ልማዱስ?»

«ገመዱን የሚይዝልኝ ልማዱ አይደለም፤ እርስዎ ነዎት።»

ከሆስፒታል ሲወጡ ብስኩት ገዝቼ ኪሳቸው ውስጥ ከተትኩ። ቤት ይሂዱ ብላቸው እንቢ ብለው ከእኔ ጋር ወደ አዳራሹ መጡና የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ተራዬ ሲደርስ መድረክ ላይ ወጣሁ። መምህር ሰብሃት ከፊት ተቀምጦ፣ ስህተቴን ንገሪኝ እንጂ እንደሚል ሰው እግሩን አነባብሮ ይጠብቃል። ተለማምጄው የነበረው ንግግር አንዱም አልመጣልኝም።

«የመጀመሪያው አንጓ» አልኩ፣ «የሚነበበው ገመድ የያዘልህ ሰው እያለ ነው። ሰው ከሌለህ አታነበውም፤ ትጮሃለህ። ሁለተኛው አንጓ፣ ወደ ታች ያየ ይወድቃል ይላል። እኔ ወደ ታች ባላይ ኖሮ ትናንት...»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ያየኛል። የኮሌጁ ልጆች እንዲህ ያለ ጸጥታ ቢያገኙ በኩራት ያብጡ ነበር። እኔ ግን ጆሮዬ ውስጥ የንብ ጉርምርምታ ተነሣ። ከመድረኩ መብራት የተነሣ የኋላው ወንበር አይታየኝም። ጨለማ ነው። ማይክሮፎኑን ሁለት እጄ ጨብጦታል፤ እንደ ሐረግ።

«ጋሼ!» አልኩ፣ በማይክሮፎን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ትንሽ ቆዩ። ያቺ ትንሽ ከዛፏ ትረዝማለች።

«አለሁ!» አሉ ከጨለማው ውስጥ፣ አፋቸው ሞልቶ። «ብስኩቱንም እየበላሁ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። መምህር ሰብሃትም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ጣቶቼን ከማይክሮፎኑ ላይ አንድ በአንድ አላላኋቸው፤ ከዚያ «ተሳስተሃል» ወዳልኩበት ሦስተኛው አንጓ ገባሁ።